ከዘካርያስ ለልዩ

አቶ አብተው ከባቱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ አዳማ መናኸሪያ ሲደርስ ከተሳፋሪው ሁሉ ኋላ ወረዱ። መጋፋት አይወዱም። ከወረዱም በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ፤ የክራቫታቸውን ቋጠሮ በጣታቸው ዳብሰው አስተካከሉ፤ ከዚያም ባጃጅ ለመያዝ ወደ መንገዱ ዳር ወጡ። ጥቁሩ ሙሉ ልብሳቸው ለአዳማ ሙቀት የሚሆን አልነበረም። ነገር ግን ወደ ወይዘሮ ወርቅውሃ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው በሌላ ልብስ ሊገባ እንደማይገባው አስቀድመው ወስነው ነበር።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ካረፉ ወራት አልፈዋል። አቶ አብተው ይህን ያወቁት ባለፈው ሳምንት ሲሆን፣ የነገራቸውም ፈጽሞ የማያውቁት ሰው በስልክ ነበር። ሰውየው ጆቴ እባላለሁ አለ፤ አዳማ ውስጥ ሆቴል እንዳለው፣ የድሮ ፊልም ዕቃ እንደሚሰበስብም ተናገረ። ከዚያም እንደ ቀላል ነገር፣ «የወርቅውሃ ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ደብዳቤ አገኘች፤ እናቷ ከሞተች በኋላ መሆኑ ነው። ሁሉም ላይ ዘካርያስ የሚል ፊርማ አለ። ፊልሙ ላይ ዘካርያስን የተጫወቱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ።

አቶ አብተው ከዚያ ወዲያ ከተባለው የሰሙት፣ ደብዳቤዎቹን አይተው ምንነታቸውን እንዲናገሩ አዳማ መጠራታቸውን ብቻ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለማን እንደሚነግሩ አሰቡ። የሚነግሩት ሰው አልነበረም። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛውም «እግዜር ያጥናህ» ይባላል። እሳቸውን ግን ማን ሞተብዎት ብለው ቢጠይቋቸው የሚመልሱት ቃል አልነበራቸውም። ወርቅውሃ ሚስታቸው አልነበሩም፤ ዘመዳቸውም አልነበሩም። በማግስቱ እንደ ወትሮው ጢማቸውን ተላጭተው የጠዋት መንገዳቸውን ወደ ሐይቁ ዳር ሄዱ።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነታቸው ነው። ሁለቱ በአንድ ፊልም ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ተጫውተው ነበር። ታሪኩ የባቡር ጣቢያ ታሪክ ነው። ዘካርያስ የሚባል የቴሌግራፍ ሠራተኛ ከሚስቱ ከልዩ ተለይቶ ወደ መተሐራ ጣቢያ ይዛወራል፤ እርሷ በጣቢያዋ ቀርታ ትጠብቀዋለች፤ የሚገናኙት በደብዳቤ ብቻ ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ጥብቅ ሰው ነበር። ቀረጻ በማይኖርበት ጊዜ ሁለቱ ተዋንያን በእውነት እንዲጻጻፉ አዘዘ፤ በገጸ ባሕርያቱ ስም፣ ከታሪኩ ሳይወጡ፣ በፖስታ ቤት በኩል። «ቃሉን ብቻ የሚያጠና ተዋናይ በቀቀን ነው» ይል ነበር። ፊልሙ ተሠርቶ አለቀ፤ ለጥቂት ሳምንታት ታየ፤ ከዚያም ቅጂው የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። አዘጋጁም ሞተ። ልምምዱ ግን አላበቃም፤ ይብቃ ያላቸው ሰው አልነበረምና።

ወርቅውሃ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩትን መሐንዲስ ጉደታን አግብተው አዳማ ከተሙ። አብተው የአማርኛ መምህር ሆነው፣ ያኔ ዝዋይ በምትባለው በባቱ፣ ሳያገቡ አረጁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ቢሆንም አንዱ ሌላውን ለመጠየቅ አልተነሣም። ዘካርያስ ሩቅ አገር ነውና መምጣት አይችልም፤ ልዩም ጣቢያዋን ጥላ መሄድ አይገባትም። በደብዳቤዎቹ ላይ ቀንና ወር እንጂ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ዓመቱ አልተለወጠምና። ልዩ የጣቢያው ጣራ እንደሚያፈስ ስትጽፍ የሚያፈሰው የወርቅውሃ ቤት ጣራ መሆኑን አብተው ያውቁ ነበር። «የጣቢያው ሹም» የምትላቸው ቁጡና ደግ ሰው መሐንዲስ ጉደታ መሆናቸውንም ያውቁ ነበር። ሹሙ በታመሙ ጊዜ ዘካርያስ ምሕረት ተመኘላቸው። ሹሙ ባረፉ ጊዜ ደግሞ ልዩ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ጣቢያው ባዶ ነው። አሁን ባቡር ቢመጣ የሚከለክለው የለም።»

አብተው ያን ደብዳቤ ደጋግመው አነበቡት። ሆኖም ፊርማው የልዩ እንጂ የወርቅውሃ አልነበረም። በራሱ ስም ፈርሞ ወዳልጠራቸው ሰው ቤት መሄድን ደግሞ አስተዳደጋቸው አይፈቅድም። ስለዚህ ዘካርያስ ሆነው መለሱ፤ ሐዲዱ በጎርፍ መሰበሩን ጻፉ፤ ሲጠገን እንደሚመጡ ጻፉ። በሚቀጥለው ደብዳቤ እውነተኛ ስሟን ትጽፋለች ብለው ጠበቁ። እርሷም የሳቸውን ስም ትጠብቅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ባጃጁ ፖስታ ቤቱን አልፎ በአንድ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ገባና ከአረንጓዴ በር ፊት ቆመ። አቶ አብተው ከወረዱ በኋላ ለማንኳኳት አልቸኮሉም። ከበሩ አጠገብ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ የመብራት ምሰሶ ነበር። ልዩ ዘወትር «ዛሬም የምልክቱ ምሰሶ ወደ አንተ እንዳዘመመ ነው» የምትለው ይህ መሆኑን አወቁ። ከአጥሩ በላይ የታየው፣ በብረት እግር ላይ የተቀመጠው ጥቁር የውኃ ሮቶ ደግሞ በደብዳቤዎቿ ውስጥ ባቡሩ ውኃ የሚጠጣበት ማማ ነው። ልዩ ስለ ጥላው የምትጽፍላቸው የኒም ዛፍም አለ። እዚህ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ግን ሊዞሩበት ይችሉ ነበር።

በሩን የከፈተችው የወይዘሮ ወርቅውሃ ብቸኛ ልጅ ሀሴት ናት። አርባዎቹን የጀመረች፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ የሆነች ሴት ናት። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ፊቷ ላይ የእናቷን መልክ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ። በሙቀት አደከምንዎት።»

«ምንም አይደል። የእናትሽን ነፍስ ይማር።»

«አሜን።»

ሳሎን ውስጥ ጆቴ ተቀምጦ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ጎልማሳ ነው፤ ሁለት ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«አካም፣ ጋሼ! ኧረ ፊቱ ራሱ ነው! ሀሴት፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ፊት እኮ ነው! አፍንጫው እንኳ አላረጀም!»

«አቶ አብተው እባላለሁ።»

«አውቃለሁ እንጂ ጋሼ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

በሌላ ሰው ቤት «ይቀመጡ» ያላቸውን ሰው ትኩር ብለው አዩትና ሀሴት እስክትጋብዛቸው ቆመው ጠበቁ። እሷ ወንበር ስባ አምቦ ውኃ ስትቀዳላቸው ተቀመጡ። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የጫማ ካርቶን ነው። ደብዳቤዎቹ በየጥቅሉ በነጭ ፋሻ ታስረዋል። ፖስታዎቹ የሉም፤ ወይዘሮ ወርቅውሃ በየጊዜው ጥለዋቸው ይሆናል። አቶ አብተው የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ከሩቅ አዩና ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ጆቴ ጊዜ አላጠፋም።

«ጋሼ፣ እኔ የሌለኝ የለም። የድሮ የሲኒማ ትኬት አለኝ፣ ፖስተር አለኝ፣ የካሜራ እግር ሳይቀር አለኝ። የተዋንያን የግል ደብዳቤ ግን የለኝም። ማንም የለውም! የኛ ሰው እናቱ ስትሞት ወረቀቷን ለቆሎ መጠቅለያ ነው የሚሰጠው። ሀሴት ባትደውልልኝ ይኼም ቆሎ ይጠቀለልበት ነበር።»

«አልሰጥም ነበር» አለች ሀሴት።

«ቀልዴን ነው።»

«ምን ሊያደርጉበት አስበዋል?» አሉ አቶ አብተው።

«የሆቴሌ ሳሎን ግድግዳ ላይ! በመስታወት፣ ከውስጥ መብራት በርቶለት። ከላይ በትልቁ ‹የዘካርያስና የልዩ ፍቅር› ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። እሷ ለርስዎ የጻፈችውም ይኖራል አይደል? እሱን ከጨመሩልኝማ ባልና ሚስቱን እዚያው ግድግዳ ላይ አጋባናቸው ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሀሴት አልሳቀችም። አቶ አብተው ወደ እርሷ ዞሩ።

«ያንቺ ፈቃድ ነው?»

«እኔ ገና አልወሰንኩም፣ አባባ። ምን እንደሆኑ ሳላውቅ እንዴት እወስናለሁ? እርስዎን ያስቸገርንዎትም ለዚሁ ነው። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ስለነዚህ ነገር አላነሣችልኝም። ከርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው» አለ ጆቴ። «የግል ደብዳቤ ከሆነ ዛሬውኑ እወስዳለሁ። የፊልም ልምምድ ከሆነ ግን ለኔ ወረቀት ነው፤ አዲስ አበባ አንዱ ሳያጣራ ገዝቶ ሰው እስካሁን ይስቅበታል።» ከጥቅሎቹ አንዱን ፈታና አንዱን ወረቀት መዝዞ እንደ ምግብ ዝርዝር ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «‹የምወድሽ ባለቤቴ ልዩ ሆይ፣ ዛሬ ማለዳ ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ...› ሐይቅ? ጋሼ፣ የባቡር ጣቢያ ሐይቅ አለው እንዴ?»

«መተሐራ ነው። በሰቃ ሐይቅ አጠገቡ ነው። ይመልሱት።»

«‹...ተነሥቶ የመስኮቴን መዝጊያ ሲያንኳኳ አንቺ መስለሽኝ...›»

«ይመልሱት አልኩ።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ የጆቴ እጅ ግን ወረቀቱን ወደ ካርቶኑ መለሰ። አቶ አብተው ያን የሆቴል ሳሎን በዓይነ ሕሊናቸው አዩት፤ ቢራ የያዙ ሰዎች በመስታወቱ ፊት ቆመው «ባለቤቴ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ፣ ሙሽራዪቱ ቬሎዋን ሰብስባ በልዩ ስም ሥር ስትቀመጥ፣ አንዱም በሰከረ አንደበት «እነዚህ ሽማግሌዎች!» ሲል። ከዚህ የሚያድናት አንድ ቃል ብቻ ናት፤ ያቺም በሳቸው እጅ ናት። ሰውየው ይሂድ ብለው አሰቡ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ለልጅቱ ለብቻዋ እውነቱን ይነግሯታል። ከባቱ ድረስ የመጡት ለዚያ ነበር። በዚህች ምድር ላይ አንድ ሰው እንኳ ይወቅላቸው፤ ያ ሰው ደግሞ የእርሷ ልጅ ከሆነች ከዚያ የበለጠ አይፈልጉም።

«ልምምድ ነው» አሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጆቴ ከካርቶኑ ሥር አንድ ወረቀት አወጣና ወደ ብርሃን አነሣው። «ጋሼ፣ ይኼ ወረቀት እኮ አዲስ ነው። ፊልሙ ሲሠራ እኔ አልተወለድኩም። ይኼ ግን ከኔ ልጅ ደብተር የተቀደደ ነው የሚመስለው።»

«የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ይሠራል ሲባል ብዙ ዘመን ቆይቷል። ከወይዘሮ ወርቅውሃ ጋር ልምምዱን አላቋረጥንም። ያልተሳለ ቢላ ይዝጋል፤ ተዋናይም እንዲሁ ነው።»

«ማን ሊሠራው?»

«ሠሪ አይጠፋም ነበር።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት? ለማይሠራ ፊልም?»

«ዲሲፕሊን ይባላል። በእናንተ ዘመን ስሙ ሳይለወጥ አልቀረም።»

ጆቴ ራሱን ይዞ ሳቀ። «ወይ ጋሼ! እናንተ ለውሸት ትዳር ይኼን ሁሉ ገጽ ጽፋችሁ፣ እኔ እውነተኛዋን ሚስቴን በሚስኮል ነው ያገባኋት!»

በዚህ ጊዜ ሁሉ ሀሴት ከሽማግሌው እጅ ላይ ዓይኗን አላነሣችም ነበር። አቶ አብተው ይህን አይተው፣ አላመነችኝም፣ እውነቱን ጠርጥራለች፣ ሰውየው እስኪሄድ ትጠብቃለች ብለው አሰቡ። ይህም አበረታቸው።

ጆቴ ነገ ሌላ ሰብሳቢ የፍቅር ደብዳቤ አመለጠህ ብሎ እንዳይዘባበትበት አንድ መስመር እንዲጽፉለት ለመነ። አቶ አብተው ከደረት ኪሳቸው ብዕራቸውን አወጡ። በዚያው ውብ እጅ ጽሑፋቸው፣ በዚህ ቤት የተገኙት ጽሑፎች የትወና ልምምድ መሆናቸውንና ከዚያ ሌላ ትርጉም የሌላቸው መሆኑን አረጋገጡ። ከግርጌው አብተው ብለው ፈረሙ። ስለ እርሷ በጻፉት ወረቀት ላይ የገዛ ስማቸው ሲሰፍር የመጀመሪያው ይህ ነበር። ጆቴ በስልኩ ፎቶ አነሣው፤ ወረቀቱንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አብረው የተነሡት ፎቶስ የለም፣ ጋሼ?»

«የለም።»

«ናጋቲ እንግዲህ። ሆቴል ብቅ ይበሉ፤ ምሳ በኔ ነው።»

የውጭው በር ተዘጋ፤ መኪናውም ተነሥቶ ሄደ። አቶ አብተው ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። መቂን ካለፉ ጀምሮ ሲያጠኑት የመጡት ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር፦ ልጄ፣ እናትሽን ዕድሜዬን ሁሉ አፍቅሬያቸዋለሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና ሲሉ ግን ሀሴት በሩን ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅስ ነበር።

«ልጄ...»

«ይቅርታ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተመስገን ጌታዬ!» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ፊቷም ፈክቶ ነበር። «ካርቶኑን ካገኘሁ ወዲህ እህል አልጣመኝም። እስቲ ይፍረዱኝ። አባቴ አልጋ ላይ ወድቆ ስንት ዓመት ሙሉ ያገላበጠችው እሷ ነበረች። አጥባው፣ አጉርሳው፣ ከጎኑ ወንበር ስባ ስትጽፍ አያታለሁ። ‹ምን ትጽፊያለሽ?› ስላት ‹ትንሽ ነገር› ትለኛለች። ከዚያ ይኼን አገኘሁ። ‹ባለቤቴ›፣ ‹የኔ ፍቅር›... አባቴ እያያት ሌላ ሰው ልቧ ውስጥ ነበር ማለት ነው ብዬ... በጸሎት እንኳ ስሟን መጥራት አቅቶኝ ነበር። የገዛ እናቴን!»

አቶ አብተው አፋቸውን ከፈቱ።

«ለካ ሥራዋ ነው!» አለች ሀሴት፤ እየሳቀች። «ለካ ቃል እያጠናች ነው! አባቴ ከሞተ በኋላ እኮ ፊልሟን እንድትረሳው ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ጌታ ይባርክዎት፣ አባባ። እናቴን ነው የመለሱልኝ። እናቴንም አባቴንም።»

ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነበር፤ ከአፋቸው ደጃፍ ላይ ደርሶም ነበር። አቶ አብተው የልጅቱን ፊት አዩ። ከዚያም አምቦ ውኃውን አንሥተው ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«አብራችሁ ስትሠሩ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለች አጠገባቸው ተቀምጣ። «እስቲ ይንገሩኝ። የዚያን ጊዜዋን የሚያውቃት ሰው አላገኘሁም።»

እሳቸው ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሰዓት አክባሪ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «ቃላቸውን ሳያጠኑ መጥተው አያውቁም።»

«እሷ ናት! በቃ እሷ ናት!»

ሀሴት ምሳ ካልበሉ ብላ ለመነቻቸው፤ መንገድ አለብኝ አሉ። ሲነሡ ካርቶኑን አንሥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «ይኼንንስ ይውሰዱልኝ። የርስዎ ድካም ነው። ለኔ ምንም አያደርግልኝም፤ ለርስዎ ግን የሥራ ማስታወሻ ይሆናል።» አመስግነው ተቀበሏት። እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ አለቻቸው፤ ባጃጁ እስኪታጠፍም ድረስ እጇን አውለበለበች። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አነሡላት።

ከመናኸሪያው ወደ ባቱ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ አንዲት ከአዳማ ገበያ የምትመለስ፣ ባዶ ጆንያዎቿን ከእግሯ ሥር ያጠራቀመች የሽንኩርት ነጋዴ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሞጆን እስኪያልፉ ዝም አለች፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም።

«አባባ፣ ከለቅሶ ነው?»

«አይደለም። ለሥራ ጉዳይ ነበር።»

«ጥቁር ለብሰው አይቼ እኮ ነው። ካርቶኑስ? ጫማ ነው?»

«ወረቀት ነው።»

«ወረቀት! እኔ ደግሞ አያያዝዎን አይቼ እንቁላል ነው ብዬ፣ እንዳልገፋዎት ከአዳማ ጀምሮ አንድ ጎኔን ይዤ!» ብላ ሳቀችና ወደሳቸው ተመቻችታ ተቀመጠች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ መውረድ፣ ስለ ቆቃ ውኃ፣ ስለ ልጇ ሠርግ ነገረቻቸው። እርስዎስ ልጆች አሉዎት ስትል የሉኝም አሏት፤ ባለቤትስ ስትል የለችም አሏት። ከንፈሯን መጠጠች።

መቂ ላይ ጆንያዎቿን ሰብስባ ወረደች። መኪናው በሰው እስኪሞላ ቆመ። አቶ አብተው ካርቶኑን ከጭናቸው አንሥተው በተለቀቀው ወንበር ላይ በጥንቃቄ አኖሩት፤ እንዳይንሸራተትም አንድ እጃቸውን ከላዩ አሳረፉ። ክዳኑ በፀሐይ ሞቅ ብሎ ነበር። እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥቂት ቆዩ።

ከዚያ ረዳቱ አንድ ተሳፋሪ ከኋላው አስከትሎ ራሱን በበሩ አስገባ።

«አባባ፣ ወንበሩ የሰው ነው?»

«የማንም አይደለም» አሉ አቶ አብተው፤ ካርቶኑንም አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።